ድንጉጦቹ እህትማማቾችና «የእኔ ነው» ባዩ ነባር ውሻ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ከቡችላነቱ ጀምሮ ለብቻው ያሳደጉት የ6 ዓመት ወንድ ውሻ አላቸው። ተኮላሽቷል፣ ከሰው ጋርም ይግባባል፤ ሌላ ውሻ ወደ ምግብ ሳህኑ፣ ወደሚተኛበት ሶፋ ወይም ወደ እርሳቸው ሲጠጋ ግን ያጉረመርማል። ከ9 ቀን በፊት ደግሞ የቀድሞ አሳዳጊያቸው ሊይዛቸው ያልቻለ፣ 2 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሁለት እህትማማች ውሾች ተቀብለዋል። ሁለቱም ድንጉጦች ናቸው፤ እጅ ሲዘረጋላቸው ይሸሻሉ፣ ድምፅ ሲሰሙ ይደበቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ሳሎን ውስጥ ሲገናኙ አንደኛዋ በጠያቂያችን እግሮች መካከል ተሸጎጠች፤ ነባሩ ውሻ ዘሎ ከወለሉ ጋር አጣበቃት። ቁስል አልተገኘባትም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እህትማማቾቹ በሌላ ክፍል ናቸው፣ የተጠቃችውም ከአልጋ ሥር የምትወጣው ሌሊት ብቻ ነው። ጠያቂያችን ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፤ እንዴት እንደሚያስተዋውቋቸው፣ ሲያጉረመርም ሊቆጡት ወይስ ጠቡን ራሳቸው እንዲጨርሱ ሊተዋቸው እንደሚገባ፣ ካልተሳካም ተስፋ የሚቆረጠው መቼ እንደሆነ።

ውድ ጠያቂ፣ ከገለጻዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው መዝለሉ ሳይሆን የዘለለበት ቦታ ነው። ድንጉጥ ውሻ ሲጨንቀው የሚሸጎጥበት ጥግ ይፈልጋል፤ በማያውቀው ሳሎን መካከል ደግሞ ከቆመ ሰው እግር የተሻለ ጥግ አያገኝም። ለነባሩ ውሻዎ ግን ያ ጥግ ከሳህኑም ከሶፋውም አብልጦ የሚሳሳለት ንብረቱ ነው። እርሷ መጠለያ ስትፈልግ እርሱ ቀማኛ መጣብኝ አለ። ስለዚህ ዛሬ በቤትዎ ውስጥ እጅግ አደገኛው ስፍራ የምግቡ ሳህን አጠገብ ሳይሆን የእርስዎ እግር ሥር ነው። ከዚህ በታች የምመክረውም በአብዛኛው ሴቶቹ ከእርስዎ ሌላ መሸሸጊያ እንዲኖራቸው፣ እርሱም እነርሱ ወደ እርስዎ ሲቀርቡ የሚያጣው ነገር እንደሌለ እንዲያምን ማድረግ ነው። አፍንጫ ለአፍንጫ መገናኘታቸው የመጨረሻውና ከሁሉ አጭሩ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጠባይ «ቅናት» ይለዋል። ለወሬ ይመቻል፣ ለሥራ ግን አይረዳም፤ ቅናት ብለን ከጀመርን ወዲያው «ልኩን ላሳየው» ወደሚል ሐሳብ እንሄዳለንና። ያለውን የሚጠብቅ ውሻ የሚያጉረመርመው ጠግቦ ሳይሆን ሰግቶ ነው። 6 ዓመት ሙሉ ሳህኑም፣ ሶፋውም፣ ሰውም የእርሱ ብቻ ሆነው ለኖሩ ውሻ የሌላ ውሻ መቅረብ የማጣት ምልክት ነው፤ በዚያ ላይ ቁጣ ሲጨመርበት ስጋቱ ትክክል እንደነበር ይረጋገጥለታል። በእርስዎ ቤት፣ ባይመስልም፣ ሦስቱም ውሾች ፈሪዎች ናቸው፤ ሁለቱ ሲፈሩ ይሸሻሉ፣ አንዱ ሲፈራ ይገፋል።

የ9 ቀኑ መለያየት የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ባይጀምሩት ኖሮ ጀምሩ እል ነበር። አዲስ የመጣ ውሻ ፓርቮ ቫይረስን የመሰለ ተላላፊ በሽታ ይዞ ምልክቱን ሳያሳይ ቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ ቢያንስ 14 ቀን ለብቻ ማቆየት በማንኛውም ሁኔታ የሚመከር ነው። በዚህ ጊዜ ሦስቱም የእንስሳት ሐኪም ይያቸው። የሴቶቹ የእብድ ውሻ በሽታና የሌሎቹ ክትባቶች ይሟሉ፣ መምከን አለመምከናቸውም ይታወቅ። ነባሩን ውሻ በተመለከተ ሐኪሙን ጥርሱን፣ ጆሮውንና መገጣጠሚያዎቹን እንዲፈትሽ ይጠይቁ፤ ሕመም ያለበት ውሻ ሶፋውን የሚከላከለው ሲነሣ ስለሚያመው ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ሳይታከም ደግሞ ሥልጠና ብቻውን ብዙ አይራመድም።

ከዚያ ወደ ቤቱ እንሂድ። አጥንት፣ መጫወቻ፣ የተረፈ ምግብ፣ የሚታኘክ ነገር ሁሉ ከወለል ይነሣ። ምግብ በተለያየ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ ይሰጥ፤ ሳህኖቹም ውሾቹ ከመውጣታቸው በፊት ይነሡ፤ ባዶ ሳህንም ይጠበቃልና። ውኃና መኝታ ከውሾቹ ቁጥር ቢያንስ በአንድ ይብለጥ፣ በተለያየ ቦታም ይቀመጥ። ሶፋውን እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ ለሁሉም ይዝጉት፣ ለእርሱም ጭምር፤ በምትኩ ወለል ላይ ከሶፋው የማይተናነስ ምቹ መኝታ ይስጡት። ጠባብ ኮሪደር፣ የበር መግቢያና ደረጃ ከምግብ ባልተናነሰ የጠብ መነሻ መሆናቸውን ብዙ ባለቤት አያስተውልም። ሁለት ውሾች ሳይፈልጉ ትከሻ ለትከሻ የሚነካኩባቸው ቦታዎች ስለሆኑ፣ ለጊዜው አንዱ ሳያልፍ ሌላው አይለቀቅ።

የሴቶቹ መሸሸጊያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እርሱ ነውና። አልጋ ሥር መጥፎ መሸሸጊያ ነው፤ ከተከተላት መውጫ የላትምና። በሁለት ወገን ክፍት የሆነ፣ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ወይም ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ትልቅ ሳጥን ይሻላል፤ ዋናው ነገር መግቢያም መውጫም እንዲኖረው፣ የሰው እጅም ወደዚያ እንዳይገባ ነው። እዚያ ሳለች አትነካ፣ አትሳብ፣ አትለመን። በቀን ብዙ ጊዜ በአጠገቡ ሲያልፉ ዓይንዎን ሳይጥሉባት አንድ ቁራሽ ጥሩ ነገር፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ዶሮ ሥጋ፣ ወርወር አድርገው ይለፉ። የምትበላው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ከሆነ አሁንም ፈርታለች ማለት ነው፤ እያዩዋት መብላት ስትጀምር አንድ ደረጃ ወጥታለች። መሸሸጊያው ለእርሷ የታወቀ ቤት ከሆነ በኋላ፣ ስትደነግጥ ወደ እግርዎ ከመሮጥ ይልቅ ወደዚያ መሮጥ ትጀምራለች። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ወደ እግርዎ ከመጣች ጎንበስ አይበሉ፣ አያንሷትም፤ በእርጋታ ወደ መሸሸጊያዋ አቅጣጫ ይራመዱ፣ ተከትላዎት ትሄዳለች። ድንጉጧን አንሥቶ ማቀፍ ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም፣ በነባሩ ውሻ ፊት ሲሆን ንብረቱን ከፍ አድርጎ ለሌላ እንደ መስጠት ያለ ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተትም እዚህ ላይ ይነሣ፤ ድንጉጧን በምግብ እያባበሉ ወደ ነባሩ ውሻ ማቅረብ ነው። ዓይኗ ቁራሹን ሲከተል እግሯ ልቧ ከፈቀደው በላይ ይራመዳል፤ ቁራሹን ውጣ ቀና ስትል ራሷን ከሚያስፈራት ነገር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ታገኘዋለች። በዚያች ቅጽበት ትደነግጣለች፣ ድንጋጤዋም እርሱን ያስቆጣዋል፤ በመካከላቸውም ምግብ አለ። እኔ ራሴ በሥራው መጀመሪያ ዘመኔ ሁለት ውሾችን «ለማቀራረብ» ብዬ በመካከላቸው ወለል ላይ ምግብ በትኜ ነበር። የተረፈኝ ትምህርትና በእጄ ላይ ያለው ትንሽ ጠባሳ ነው።

ማስተዋወቁ የሚጀምረው በማሽተት ነው። የሰው አፍንጫ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ የሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት የውሻ ከ200 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ስለዚህ በተዘጋ በር ሥር ሦስቱም እስካሁን ብዙ ነገር ተዋውቀዋል። ሴቶቹ የተኙበትን ጨርቅ በእርሱ ክፍል ወለል ላይ፣ ከመኝታውና ከሳህኑ ራቅ አድርገው ያኑሩ፤ ሲያሸተው በእርጋታ ያመስግኑትና ቁራሽ ይስጡት፤ ትቶት ሲሄድም ይተዉት። ክፍላቸውንም ያቀያይሯቸው፤ እርሱ ከቤት ሲወጣ ሴቶቹ ሳሎኑን ያሽትቱ፣ እነርሱ በሌሉበት እርሱ ክፍላቸውን ይጎብኝ።

ቀጥሎ በበሩ ላይ ፍርግርግ መከለያ ይቁም፤ መጀመሪያ ላይ የታችኛው ወገን በጨርቅ ይሸፈን። እርስዎ በእርሱ ወገን፣ ሌላ የሚያምኑት ሰው በሴቶቹ ወገን ይሁኑ። ጨርቁ ገለጥ ይላል፣ እርሱ ሴቶቹን ያያል፣ ወዲያው ቁራሽ ይቀርብለታል፤ ጨርቁ ሲወርድ ቁራሹም ያቆማል። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ ይጠንቀቁ፤ መጀመሪያ ሴቶቹ ይታያሉ፣ ከዚያ ምግብ ይመጣል። ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው፣ ምልክቱ ከምግቡ ሲቀድም ምልክቱ ራሱ የምግብ ተስፋ ይሆናል፤ ምግቡ ከቀደመ ግን፣ የቁራሹ ቦርሳ ሲከፈት ጠላት ይመጣል የሚል ትምህርት ሊያገኝበት ይችላል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚቆይ ልምምድ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከአንድ የግማሽ ሰዓት ልምምድ ይበልጣል።

በዚህ ልምምድ ጊዜ ማጉረምረሙን አይጠብቁ፤ ከማጉረምረም በፊት የሚመጡትን ይመልከቱ። ያኝክ የነበረው አፍ ድንገት ይቆማል ወይም ጥድፊያ ይጀምራል። አንገቱ ዝቅ ብሎ አገጩ በሚጠብቀው ነገር ላይ ይደፋል። ራሱን ሳያዞር ዓይኑ ብቻ ወደ ጎን ይሄድና ነጩ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታያል። ሰውነቱ በሙሉ፣ ጭራው ሳይቀር፣ እንደ እንጨት ይደርቃል። ይህ ድርቀት ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ የማይቆይ ስለሆነ ያልተለማመደ ዓይን «ዝም ብሎ ተቀምጧል» ይላል። ቁራሹን ከእጅዎ ሲቀበል ጥርሱ ጣትዎን ከነካ፣ ወትሮ ግን በከንፈሩ የሚቀበል ከሆነ፣ ርቀቱ አልበቃውም። በሴቶቹ በኩል ደግሞ ከንፈር መላስ፣ ያለ እንቅልፍ ማዛጋት፣ ፊት ማዞር፣ ጭራን በሆድ ሥር መሸጎጥ፣ የሚወዱትን ምግብ መተው አለ። ከእነዚህ አንዱን በማንም ላይ ካዩ ጨርቁን ያውርዱና በሚቀጥለው ጊዜ ራቅ ብለው ይጀምሩ።

አሁን ወደ ማጉረምረሙ እንመለስ። አይቆጡት። ማጉረምረም እንደ ጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ ደወሉን ብንነቅለው እሳቱ አይጠፋም። ሲያጉረመርም የተቀጣ ውሻ ድምፁን ይተዋል፣ ስጋቱን ግን አይተውም፤ «ምንም ሳያስጠነቅቅ ነከሰ» ከሚባሉት ውሾች ብዙዎቹ ቀድሞ ያስጠነቀቁና ለማስጠንቀቃቸው የተቀጡ ናቸው። ሲያጉረመርም ማድረግ ያለብዎት ድንጉጧን በእርጋታ ማራቅ፣ ከዚያም ምን ያህል እንደቀረበች ማስታወስ ነው። «ራሳቸው ይጨርሱት» የሚለውም ሆነ «ማን አለቃ እንደሆነ አሳየው» የሚለው ምክር የተወለደው ስለ ተኩላ ከተነገረ አሮጌ ሐሳብ ነው። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው ጥናት በእንስሳት ማቆያ ውስጥ የታሰሩ ተኩላዎችን የተመለከተ ነበር፤ የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች ደግሞ በ1999 በዱር ያለ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው መሆኑን፣ በጠብ አለቃ የሚመርጥ ጭፍራ አለመሆኑን ጽፏል። በእርስዎ ቤት ራሳቸው ይጨርሱት ማለት ደግሞ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ድንጉጦቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአልጋ ሥር ይኖራሉ፣ እርሱም መዝለል እንደሚሠራ ይማራል።

በፍርግርጉ ሦስቱም ተረጋግተው መብላት ሲችሉ ከቤት ውጭ፣ የማንም ባልሆነ ሰፊና ጸጥተኛ ቦታ አብሮ መራመድ ይጀመራል። እዚህ ላይ ሁለቱን ሴቶች በአንድ ጊዜ አያምጡ። እርሱ ሁለት አቅጣጫ መከታተል ሲኖርበት ይጨነቃል፤ አንደኛዋ ስትደነግጥም ድንጋጤዋ ወደ ሌላዋ ይጋባል። መጀመሪያ ደፈር የምትለው ትምጣ፣ የተጠቃችው ትቆይ። እህትማማቾቹ ተለያይተው ስለማያውቁ የምትቀረው ብትጮህ አይገርምም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከ10 ደቂቃ አይለፉ፣ የቀረችውም ከሚያረጋጋት ሰው ጋር ትሁን። ድንጉጥ ውሻ ወደ ኋላ ሲጎትት ከአንገት ማሰሪያ በቀላሉ ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሴቶቹ የደረት ማሰሪያም የአንገት ማሰሪያም ይልበሱ፣ ገመድም ከሁለቱም ይያያዝ።

ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ውሾች፣ አንድ አቅጣጫ፤ ሰዎቹ በመካከል፣ ውሾቹ በውጭ በኩል። 20 ሜትር ርቀት ለመጀመር ደኅና ነው፣ ካልበቃ 40 ያድርጉት። ገመዱ ይላላ፤ የተወጠረ ገመድ የያዡን ፍርሃት እየወሰደ ለውሻው ያደርሳል፣ አንገቱንም ቀና አድርጎ የጠብ አቋም ያስይዘዋል። ትክክለኛው ርቀት የሚታወቀው እርሱ አይቷት ፊቱን መመለስ ሲችል፣ እርሷም መሬት ማሽተት ስትጀምር ነው። ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ዱካ እየተከተለ ያሽትት። ርቀቱ በየጉዞው በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስ። ብዙ ጉዞ ካለፈ በኋላ፣ ሁለቱም ሰውነታቸው ለስለስ ብሎ ሲታይ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ዞር ብለው ለ3 ሰከንድ ያህል ይሸታተቱ፤ ከዚያ ሁለቱም በደስታ ይጠሩና ይራመዱ። 3 ሰከንድ ያሳጠርኩት ለጥንቃቄ ነው፤ መሸታተት ወደ መድረቅ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነውና። ሁለተኛዋ እህት ይህንኑ መንገድ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ የእህቷ መሳካት አያሳጥርላትም። ሦስቱ አብረው የሚራመዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ በሩ ላይ ግርግር እንዳይፈጠር ሴቶቹ ቀድመው ይግቡና በመሸሸጊያቸው አጠገብ ይሁኑ፤ እርሱ ቀጥሎ ይግባ። ሁሉም ቀለል ያለ ገመድ እየጎተቱ ይሁኑ። እርሱ አስቀድሞ በሳምንታት የለመደው ከሆነ፣ አፉን ከፍቶ ማለከለክና ውኃ መጠጣት የሚያስችል የቅርጫት ዓይነት የአፍ መከለያ ቢለብስ የእርስዎም ልብ ያርፋል፤ በዕለቱ ድንገት ከለበሰው ግን ጭንቀት ይጨምርበታል።

እዚህ ነው የእርስዎ እግር ጉዳይ የሚፈታው። በሶፋው ላይ ሳይሆን በክፍሉ መካከል በተራ ወንበር ይቀመጡ፤ እርሱ በአጠገብዎ፣ ሴቷ ከረዳትዎ ጋር በክፍሉ ሌላ ጫፍ ትሁን። እርሷ አንድ እርምጃ ወደ እርስዎ ስትመጣ ለእርሱ ቁራሽ፤ ስትመለስ ዝም። በተደጋገመ ቁጥር የእርሷን እርምጃ ሲያይ ወደ እርሷ ማፍጠጡን ትቶ ወደ እርስዎ ቀና ይላል፤ ይህችን ቀና ማለት ስታዩ ሥራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። አንዳንድ ጊዜ ግን ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ሳይናገሩ፣ ሳያዩት፣ ይነሡና ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ፣ ረዳትዎም ሴቷን ወደ መሸሸጊያዋ ይውሰድ። የሚጠብቀው ነገር ራሱ ተነሥቶ ከሄደ ጥበቃው ትርፍ የለውም። ይህን ያለ ቁጣ ማድረግ ከባድ ነው፤ ያለ ቁጣ ካልሆነ ግን አይሠራም።

ጠብ ቢነሣ እጅዎን ወደ አፍም ወደ አንገትም አይስደዱ። የሶፋ ትራስ፣ ሰሌዳ ወይም ወንበር በመካከላቸው ያስገቡ፣ ውኃ ይድፉ፣ ብረት ያንኳኩ። ከተለያዩ በኋላ በዚያው ቀን እንደገና አያገናኟቸው፤ የተቀሰቀሰ ሰውነት ለመብረድ ከደቂቃዎች እጅግ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ ሁለት ሦስት ቀን ያርፉ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ተስፋ የሚቆረጠው መቼ ነው ብለዋል። የእንስሳት ሐኪሙ ኢያን ደንባር ንክሻን በ6 ደረጃ የሚለካበት ዘዴ አለ፤ ጥርስ ቆዳ ሳይነካ ሲቀር 1፣ ነክቶ ሳይበሳ ሲቀር 2፣ ቀዳዳው ከክራንቻው ርዝመት እኩሌታ የማያልፍ ሲሆን 3፣ ከዚያ ሲጠልቅ 4 እያለ ይወጣል። እርስዎ የገለጹት ከ2 አያልፍም፤ ይህ ማለት ውሻዎ በጣም በተቆጣበት ሰዓት እንኳ አፉን መግታት ችሏል፣ ጥሩ ዜና ነው። እርሱ ወንድ፣ እነርሱ ሴቶች መሆናቸውም ይረዳል፤ በአንድ ቤት ውስጥ የሚነሡ ከባድ ጠቦች በብዛት የሚታዩት በተመሳሳይ ጾታ፣ በተለይም በሴቶች መካከል ነውና። ይህ ደግሞ እህትማማቾቹን ራሳቸውን መከታተል እንደሚያስፈልግ ያስታውስዎት። 4ኛ ደረጃ የደረሰ ንክሻ ካለ፣ ወይም ከመከለያው ማዶ ሆኖ እንኳ ሳምንታት አልፈው ምግብ መቀበል ካልቻለ፣ ወይም ከሴቶቹ አንዷ ከወራት በኋላም ካልበላችና ካልወጣች፣ ሥራው ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው፤ የጠባይ ሕክምና የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ይያቸው፣ መድኃኒትም ሊያስፈልግ ይችላል። ለሴቶቹ ሌላ ጸጥተኛ ቤት መፈለግም በዚያ ጊዜ እንደ ሽንፈት አይቆጠር።

እስከዚያው ግን እርስዎ በሌሉበት ሦስቱ በአንድ ክፍል አይቀመጡ፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ቢመስልም ለብዙ ወራት። ሶፋውን በተመለከተ፣ ምናልባት አንድ ቀን እርሱ በአንድ ጫፍ፣ ደፋሯ በሌላው ጫፍ ተኝተው ያገኟቸው ይሆናል። ያን ቀን በመካከላቸው አይቀመጡ፤ ወንበር ስበው ራቅ ብለው ይቀመጡ።